የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በኬሚስትሪ ምርምር ስለሚኖራቸው ተሳትፎ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የተማሪ ምርምር ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው በመጨረሻው ዓመት የሚዘጋጀው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ ኬሚስትሪ በተግባር የሚዳብር ዕውቀት በመሆኑ፣ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የመምህራንን ምርምር በረዳትነት ሊያግዙ ይችላሉ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የቅድመ ምረቃ ምርምር መርሐ ግብር በዚህ ረገድ በሰፊው ይታወቃል።

የተሳትፎው ጠቀሜታ

በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ገና ወደ ትምህርት ክፍል ሳይመደቡ ጠቅላላ ኬሚስትሪን ጨምሮ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። በዚህ ወቅት የቤተ ሙከራን የዕለት ተዕለት ሥራ በቅርብ ያየ ተማሪ የትምህርት ክፍል ምርጫውን የሚሞላው በወሬ ሳይሆን በዕውቀት ይሆናል።

ለጀማሪ የሚስማማ ሥራ

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በሚገኙ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን ይበልጣል። ይህም ጥርስን ያበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲጨምርና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። የፍሎራይድን መጠን በኤሌክትሮድ ለመለካት በቅድሚያ መጠናቸው የታወቀ መፍትሔዎች ተዘጋጅተው መሣሪያው ይስተካከላል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የፍሎራይድ ክምችት አሥር እጥፍ በተለወጠ ቁጥር የመሣሪያው ንባብ በ59 ሚሊቮልት ገደማ ይለወጣል። ሥራው የሚጠይቀው ስለ ሞላሪቲ፣ ስለ ማቅጠንና ስለ ሎጋሪዝም ያለ ዕውቀት ከመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የራቀ አይደለም።

ዕድሉን ለማግኘት

ተማሪው በቅድሚያ የትምህርት ክፍሉን መምህራን የምርምር ርዕሶች ይለያል። ቀጥሎም በየትኛው ሥራ ለማገዝ እንደሚፈልግና በሳምንት ስንት ሰዓት ሊሰጥ እንደሚችል በአጭር ጽሑፍ ለመምህሩ ያቀርባል። ጅማሬው ብርጭቆ ዕቃዎችን ማጠብ፣ መፍትሔ ማዘጋጀትና መረጃ መመዝገብ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሥራዎች እንደ ዝቅተኛ ሊታዩ አይገባም፤ በሚገባ ያልታጠበ ዕቃ የአንድ ሳምንት ልኬት ያበላሻልና።

ደኅንነትና ኃላፊነት

ማንኛውም ተማሪ የደኅንነት ሥልጠና ሳይወስድ ሥራ አይጀምርም፤ ብቻውንም በቤተ ሙከራ አይሠራም። ጋውን፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት መጠቀም፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ኬሚካል የደኅንነት መረጃ አስቀድሞ ማንበብ ይጠበቅበታል። ውጤት ሁሉ፣ ያልተሳካውም ጭምር፣ በዕለቱ በመዝገብ ይሰፍራል፤ የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም።

በተለይ የመጠጥ ውኃን የሚመለከት ውጤት በመምህሩ ሳይረጋገጥ ለኅብረተሰቡ መነገር የለበትም። ያልተረጋገጠ ቁጥር ንጹሑን ምንጭ ሊያስተው፣ ጎጂውን ደግሞ ሊያስጠጣ ይችላል።