የሞተ የልብ ጡንቻ ዳግመኛ ይበቅላልን?

የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ የተቆረጠ ቆዳ ይገጥማል፤ ከፊሉ የተወገደ ጉበትም መጠኑን መልሶ ያገኛል። የልብ ጡንቻ ግን ይህ ዕድል የለውም። ልብን ከሚመግቡት የደም ሥሮች አንዱ በረጋ ደም ሲደፈን፣ ከዚያ ሥር ምግቡን ያገኝ የነበረው ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ቦታውንም መኮማተር የማይችል ጠባሳ ይይዘዋል። በከባድ ሕመም ጊዜ የሚጠፉት ሕዋሳት 1 ቢሊዮን ያህል ሊደርሱ እንደሚችሉ ይገመታል። ከሞት የተረፈ በሽተኛ ውሎ አድሮ በልብ ድካም የሚሠቃየው ስለዚህ ነው።

የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ፣ የእነዚህ የደም ሥሮች ድንገተኛ መደፈን ሁልጊዜ ወዲያውኑ እንደማይገድል እ.ኤ.አ. በ1912 አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ሕክምና በሁለት ጥያቄዎች ተጠምዷል፤ ይኸውም የሞተው ጡንቻ እንዴት ይተካል? ገና ያልሞተውስ እንዴት ይድናል? የሚሉት ናቸው።

በመጀመሪያው ጥያቄ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2000 ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፊሊፕ ምናሼ ከበሽተኛው ጭን የተወሰዱ የጡንቻ ሕዋሳትን አባዝቶ በልቡ ጠባሳ ላይ ተከለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የ97 በሽተኞች ጥናት የልብን ሥራ እንዳላሻሻለ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ፒዬሮ አንቬርሳና ባልደረቦቹ የአጥንት መቅኔ ሕዋሳት በአይጥ ልብ ውስጥ ወደ ልብ ጡንቻነት እንደተለወጡ አበሠሩ። ማረጋገጫው ሳይጠና ሕክምናው በሰው ላይ መሞከር ጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ሙከራ ቢደግሙ ለውጡን አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ከአንቬርሳ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሻሩ ጠየቀ።

ከዚህ ይልቅ በዝግታ የተጓዙት ጥናቶች ፍሬ አፍርተዋል። ዜብራ የተባለችው ትንሽ ዓሣ የልቧ ታችኛ ክፍል 20 በመቶ ያህሉ ቢቆረጥም በሁለት ወር ገደማ መልሳ እንደምታበቅለው እ.ኤ.አ. በ2002 ታወቀ። የሰውም ልብ ፈጽሞ መካን አይደለም። የስዊድን ተመራማሪዎች ከኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር የተበተነውን ካርቦን 14 መለኪያ አድርገው፣ በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት 1 በመቶ ያህሉ የልብ ጡንቻ ሕዋስ እንደሚታደስ እ.ኤ.አ. በ2009 አስታወቁ። በ75 ዓመት ግን መጠኑ ወደ 0.45 በመቶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጀርመን ሐኪሞች ከግንደ ሕዋሳት የተበጀ የልብ ጡንቻ በጦጣዎችና በአንድ በሽተኛ ልብ ላይ ሰፍተው ውጤቱን አሳተሙ። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ገና ለሕዝብ የሚታደል መድኃኒት አልሆነም።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን በእጃችን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው፣ 17,187 በሽተኞችን ባካተተው ጥናት፣ አስፒሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ ቀነሰ። የረጋ ደም ከሚያሟሟው ስትሬፕቶኪኔዝ ጋር ሲሰጥ ደግሞ ቅነሳው 42 በመቶ ደረሰ።

ይህ በእነዋሪ ለሚያገለግል ባልደረባችን ምን ይፈይዳል? በስንዴውና በሰንጋው ከታወቀው የጅሩ ሜዳ፣ ከጀማ ገደል አፋፍ የሚነሣ በሽተኛ እነዋሪን፣ ከዚያም ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከደብረ ብርሃን ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ እስኪደርስ ጡንቻው አይጠብቀውም። የተደፈነውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ የሚከፍተው ሕክምና በአገራችን በአመዛኙ በዋና ከተማው የተወሰነ ነውና። ስለዚህ የደረትን ሕመም በጨጓራ አሳብቦ ከማሳደር ይልቅ ፈጥኖ መጠርጠር፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለም አስፒሪኑን ወዲያውኑ አስኝኮ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል መላክ ይገባል። የጠፋውን ጡንቻ የሚያበቅል ጥበብ እስኪመጣ ድረስ፣ ያለውን ጡንቻ የሚያተርፈው በመጀመሪያው ጤና ጣቢያ የሚገኘው ባለሙያ ነው።