የትንፋሽ ማጠርና ፍርሃት፦ ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በአምባሰል የግሸንን አቀበት የሚወጣ ጤነኛ ምእመን ቢያለከልክም፣ ዐረፍ ሲል ትንፋሹ እንደሚመለስ ያውቃልና አይሸበርም። በሐይቅ ከተማ የሚኖር የሳንባ ሕመምተኛ ግን ከደጁ ሳይርቅ ትንፋሹ ሲያጥር የሚሞት ይመስለዋል፤ ፍርሃቱም ትንፋሹን ይበልጥ ያሳጥረዋል።

አሜሪካዊው ሐኪም ዳ ኮስታ እ.ኤ.አ. በ1871 በወታደሮች ላይ ያየውን የትንፋሽ ማጠርና የልብ ትርታ ለልብ ሰጠው። ድንገተኛ ፍርሃት ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የተመዘገበው በ1980 ነው። በ1993 ዶናልድ ክላይን «የመታፈን ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ» ሲል ገለጸው።

ለሳንባ ሕመምተኛ ግን ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ሕመምተኛውን ይመርምር፤ ቀጥሎም ወደ ፊት ደገፍ ብሎ መቀመጥንና ከንፈርን አሞጥሙጦ አየርን በዝግታ ማስወጣትን ያስተምር።