«ሃኩና ዳዋ»፦ የአዛውንቶቻችንን ኪኒን በኬንያ ማን ከፍሎ ያውቃል?

ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር ያለች አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ። «አባዬ በየወሩ የመድኃኒት ላኪልኝ ይላል። እዚያ አገር ለሽማግሌ መንግሥት ይከፍላል ይባል የለም እንዴ? ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው?» ጥያቄዋ ውስጥ ትንሽ ጥርጣሬ አለ፤ አልፈርድባትም፣ በሁለት ሥራ መሀል ሆና ነው የምትልከው። ግን አባቷን አውቃቸዋለሁ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን በምላጭ ለሁለት ከፍለው ነው የሚውጡት፣ የአንድ ወሩ ሁለት ወር እንዲቆይላቸው። ይህን ለልጃቸው አልነገሯትም።

ለእሷ ብቻ መመለስ ስችል እዚህ የምጽፈው ይህንኑ ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው። ነገሩ ደግሞ ከእኛ መምጣት በፊት የጀመረ ታሪክ አለው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ እዚህ ወረቀታችን ሁሉ በእሱ ስለሆነ ለምዶብኛል።

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ አዲሱ መንግሥት ሦስት ጠላት አሉብን አለ፦ ድህነት፣ ድንቁርና፣ በሽታ። ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀረውን የተመላላሽ ሕክምና ክፍያም በ1965 አነሳው። በዓመቱ፣ በ1966፣ ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ተቋቋመ፤ ሁላችንም ኤንኤችአይኤፍ እያልን የምንጠራው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ በወር 1,000 ሽልንግና ከዚያ በላይ ደመወዝ ላለው ሰው ነበር፤ መዋጮውም በወር 20 ሽልንግ። በ1972 ደመወዝ የሌለውም በፈቃዱ እንዲገባ ተፈቀደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስሙ ራሱ «የሆስፒታል መድን» ነው። የአልጋ መድን ነበር። ለተኛ ሰው ይከፍላል፤ ማዘዣ ይዞ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው አይከፍልም። በዚያ ዘመን የሚፈራው ወባና የሳንባ ምች ስለነበር ብዙም አያስገርም ይሆናል። ግፊት ግን አያስተኛም። ግፊት የያዘው ሰው ሥራውን እየሠራ ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ይኖራል፤ ከአልጋ የሚውለው ኪኒኑን አቋርጦ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው ነው። መድኑ የሚደርስለት ያኔ ነበር። ይህ መድን ለተራው አባል የተመላላሽ ሕክምና መክፈል የጀመረው በ2015 ነው። ከተቋቋመ 49 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ። በ1980ዎቹ የመንግሥት ካዝና ሲሳሳ የዓለም ባንክና አበዳሪዎች «ሕዝቡ ወጪ ይጋራ» አሉ። በታኅሣሥ 1989 በመንግሥት ጤና ተቋማት ክፍያ ተጀመረ። በር ላይ ትከፍላለህ፣ ትመዘገባለህ፣ ትገባለህ። የታማሚው ቁጥር ወዲያው ወረደ፣ ሕዝቡም አጉረመረመ። ከጉርምርምታውም ዋነኛው «ከፍዬ ገብቼ ሃኩና ዳዋ ተባልኩ» የሚለው ነበር። ሃኩና ዳዋ፣ መድኃኒት የለም። ናይሮቢ የኖራችሁ ይህችን ቃል ከ«ሀባሪ» ቀጥላ የተማራችኋት ይመስለኛል።

ዓመት ሳይሞላ በ1990 የበሩ ክፍያ ታገደ። ከ1992 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተመለሰ። ግን እንዴት እንደተመለሰ ነው ዋናው ነገር፦ ክፍያው ከበሩ ላይ ተነሥቶ በመድኃኒቱ ላይ ተለጠፈ። ለእያንዳንዱ ለምትቀበለው መድኃኒትና መርፌ ትከፍላለህ፤ መድኃኒት ከሌለ አትከፍልም። አመክንዮው ፍትሐዊ ይመስላል፤ የሕዝቡን ቅሬታ ሰምተው ነው እንዲያ ያደረጉት። አሁን ግን ማንን እንደሚመታ አስቡት። ጉንፋን የያዘው ወጣት አንድ መድኃኒት ወስዶ አንዴ ከፍሎ ይሄዳል። ስኳር፣ ግፊትና ልብ ያለባቸው እናት ሦስት ዓይነት ይወስዳሉ፤ በየወሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን። ሕጉ «ሽማግሌ ይክፈል» አላለም። ግን በኪኒን ላይ ዋጋ ስትለጥፍ ማን ብዙ ኪኒን እንደሚውጥ የታወቀ ነው። ለድሃ ክፍያ ይነሣለታል የሚል ድንጋጌም ነበረ። ድህነቱን ለማን ቀርቦ እንደሚያስረዳ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ተቋሙም ከዚያው ገቢ ስለሚተዳደር አያበረታታውም።

የእኛ ሰዎች የገቡት ልክ በዚህ ሰዓት ነው። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ በሞያሌ በኩል የተሻገሩት ዋልዳ ሰፈሩ፤ በኋላም ዋልዳ ሲዘጋ ወደ ካኩማ ተወሰዱ። በካምፕ ያለው ሰው መድኃኒቱን ከረድኤት ድርጅት ክሊኒክ ያገኛል። ኢስሊ የገባው ግን እንደ ማንኛውም ድሃ ኬንያዊ መስኮቱ ጋ ተሰልፏል። ያኔ የ35 ዓመት ጎልማሶች ነበሩ፤ ስለ ግፊት ኪኒን ማን ያስባል? ዛሬ እነዚያ ሰዎች 70 ገደማ ናቸው።

በ2004 መንግሥት «10 እና 20» የሚባለውን አወጣ። በትንሹ ክሊኒክ 10 ሽልንግ፣ በጤና ጣቢያ 20 ሽልንግ ከፍለህ ሌላው ነጻ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ፓርላማው ሁሉን የሚያቅፍ የጤና መድን ሕግ አጽድቆ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኪባኪ ሳይፈርሙበት ቀሩ። ያ ሕግ ቢፈረም ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ 20 ዓመት ነው የባከነው። በሰኔ 2013 ደግሞ 10ሩና 20ውም ተነሣ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ነጻ የሆነው ትንሹ ክሊኒክና ጤና ጣቢያው ነው። የስኳርና የግፊት ክትትል ደግሞ በአብዛኛው ሆስፒታል ነው የሚደረገው፤ እዚያ ክፍያው አልተነሣም።

ለአዛውንት ተብሎ የተለየ እርዳታ አለ ወይ? አለ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለድሃ አዛውንቶች የገንዘብ ድጎማ በትንሹ ተጀመረ። በ2018 «ኢኑዋ ጃሚ» በሚል 70 ዓመት ለሞላው ሁሉ በወር 2,000 ሽልንግ ሆነ፤ የጤና መድንም አብሮ ቃል ተገባ። እህታችን የሰማችው ይህንን ይመስለኛል። ይህ ግን በዜግነት መታወቂያ ነው። አባቷ የስደተኛ መታወቂያ ነው ያላቸው። በዚህ አገር ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ዕቃ ሲገዙ ቀረጥ ከፍለዋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የሉም።

ለከተማ ስደተኞች በሌላ በኩል የተከፈተ በር ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለተቸገሩ ቤተሰቦች የመድኑን መዋጮ ይከፍል ጀመር። ብዙ ወገን በዚህ ተጠቅሟል፤ የወለዱ እናቶችን፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉትን ጠይቁ። በ2015 በፈቃዱ የሚገባ ሰው መዋጮ ከ160 ወደ 500 ሽልንግ ሲወጣ በራሱ መክፈል የማይችለው ብዙ ነበርና ትልቅ ነገር ነው። ኪኒኑ ግን አሁንም በቀዳዳ አመለጠ። ለተመላላሽ ሕክምና መድኑ ለሆስፒታሉ የሚከፍለው በአንድ አባል በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ነበር፤ አባሉ ይምጣም አይምጣም። ስለዚህ የማይታመም ወጣት ትርፍ ነው፤ በየወሩ የሚመጡ ባለ ስኳር እናት ኪሳራ ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት እናትን ይዤ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድኩ። ካርዳቸውን በደንብ ተቀበሉ። ሐኪሙም በትሕትና አያቸው፣ ሦስት መድኃኒት አዘዘ። መስኮቱ ጋ አንዱን ሰጡንና ሁለቱን «ከውጭ ኬሚስት ግዙ» አሉን። እናታችን ሳቁ። «ልጄ፣ መድኑ እስከ መስኮቱ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ኤንኤችአይኤፍ ፈርሶ ኤስኤችኤ ተተክቷል። ደመወዝተኛ ከገቢው 2.75 በመቶ ይቆረጥበታል። ደመወዝ የሌለው በኑሮው ተገምቶ ይከፍላል፤ ዝቅተኛው በወር 300 ሽልንግ ሲሆን የዓመቱ በአንድ ላይ ይጠየቃል፣ 3,600 ማለት ነው። ለአንድ ሽማግሌ ይህን በአንድ ቀን ማውጣት ከባድ ነው። በሌላ በኩል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የተመዘገበ ሰው መዋጮ ባይከፍልም እንኳ በትንሽ ክሊኒክና በጤና ጣቢያ ደረጃ ነጻ ሕክምና እንዲያገኝ ተደንግጓል። ለዚያ ራሱን የቻለ ፈንድ አለ። በስደተኛ መታወቂያም መመዝገብ ይቻላል። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ከተገኘ ማለት ነው፤ እንደ አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ያሉት የተለመዱት አንዳንድ ጤና ጣቢያ ይገኛሉ፣ አንዳንዱ ጋ ያው የምታውቋት ቃል ናት።

እንግዲህ እህቴ፣ መልሴ ይኸው። ገንዘብሽ የሚሄደው ኬሚስት ነው። አባትሽ አይዋሹሽም፤ እንዲያውም ከሚያስፈልጋቸው በታች ነው የሚጠይቁሽ። ከቻልሽ ከወሩ መድኃኒት ሌላ የዓመቱን መዋጮ አንዴ ላኪላቸው፤ ቢተኙ ያኔ ይደርስላቸዋል። ኪኒን መክፈሉን እንዲተዉም ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማሉ። እኔ ነገርኳት ብለው ቢቆጡኝ እችለዋለሁ።

ናይሮቢ ላላችሁ ደግሞ፦ ቅዳሜ ጠዋት ያልተመዘገቡ አዛውንቶችን ለማስመዝገብ እንሄዳለን። ስልክ መነካካት የሚችል ወጣት ያስፈልገኛል፣ አራት ወይም አምስት። የኬሚስት ደረሰኝም አትጣሉ። በማዘዣ ተጽፎ መስኮቱ ጋ «የለም» የተባለውን ማዘዣና ከውጭ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አብራችሁ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ ላኩልኝ፤ ስማችሁን ሸፍኑት። እስካሁን 14 አለኝ። ስብሰባ ስንጠራ ባዶ እጄን ገብቼ ማውራት ሰልችቶኛል።