አክተር አይሞትም

በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሕግ አለች፤ አክተር አይሞትም። «አክተር» በዚያ ቤት ቋንቋ ተዋናይ ማለት አይደለም። ተዋናይማ ሁሉም ነው፤ የሚተኩሰውም፣ ተመትቶ የሚወድቀውም፣ ከኋላ ቆሞ ፈረስ የሚይዘውም። አክተር ግን አንድ ነው። ጥይት የሚስተው፣ ከሰገነት ሲዘል እግሩ የማይሰበረው፣ በመጨረሻ ደርሶ ሒሳቡን የሚያወራርደው እሱ ነው። ዘግይቶ የገባ ተመልካች አጠገቡ ያለውን ሰው የሚጠይቀው የፊልሙን ርዕስ ሳይሆን «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይሁን በሂንዲ ወይም በቻይንኛ ብዙም አያስጨንቀውም።

ፊልሞቹ በአብዛኛው የሥነ ጥበብ መምህራን ከቁም ነገር የማይቆጥሯቸው ነበሩ፤ የካውቦይ፣ የካራቴ፣ የሰላይና የሽፍታ ፊልሞች። ብዙዎቹ በትንሽ ገንዘብና በጥድፊያ የተሠሩ፣ በትውልድ አገራቸው ሳይቀር በአንድ ወቅት ታይተው የተጣሉ ናቸው። ዛሬ ግን በብዙ የዓለም ከተሞች እነዚህኑ አሮጌ ፊልሞች ፈልገው የሚያድኑ፣ በሌሊት ተሰብስበው የሚያዩ፣ ንግግራቸውን በቃላቸው የሚወጡ ወዳጆች አሏቸው። ለመሆኑ የተናቀ ፊልም ከተከበረው ይልቅ ዕድሜ የሚያገኘው በምን ምክንያት ነው? ለዚህ ጥያቄ ከኢትዮጵያና ከድንበሯ ማዶ ካለው ሕዝብ የፊልም ታሪክ ውስጥ መልስ መፈለግ ይቻላል።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ከታየ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለመጀመሪያው የፊልም አዳራሽ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር፤ በጨለማ ውስጥ ጥላን የሚያራምድ ሌላ ማን ይሆናል በሚል። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ አዳራሾች ተጨመሩ። ከነጻነት በኋላም በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ረጅም ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ይሁንና አዳራሹን የሚሞላው ከውጭ የሚመጣው ነበር፤ የአሜሪካው ካውቦይ፣ ጣሊያኖች እያስመሰሉ የሠሩት ካውቦይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘፈንና እንባ የማያልቅበት የሕንድ ፊልም።

ደርግ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ፤ የሶቪየት ፊልምም በብዛት ገባ። የቪዲዮ ካሴት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ያለው ሁሉ የሲኒማ ቤት ባለቤት ሆነ። መስኮቱ በጆንያ ተሸፈነ፤ የዕለቱ ፊልም ስም በጠመኔ በበሩ ላይ ተጻፈ። ብሩስ ሊ፣ ራምቦ፣ «ኮማንዶ»፣ «ሾሌ» ከአዲስ አበባ አልፈው እስከ ትንንሽ የወረዳ ከተሞች የዘለቁት በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ያችን ሕግ የሚፈትኑ ሁለት ነገሮች ማንሳት ይገባል። ብሩስ ሊ ያረፈው «ኤንተር ዘ ድራገን» በአሜሪካ ከመታየቱ ከሳምንታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ነው። ስለዚህ ዓለም የወደደውን ጀግና ያየው ከሞተ በኋላ ነው፤ በቪዲዮ ቤት ግን ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሲደባደብ ኖረ። «ሾሌ» (እ.ኤ.አ. 1975) በበኩሉ ከሁለቱ ጀግኖቹ አንዱን፣ አሚታብ ባቻን የተጫወተውን ጃይን፣ ይገድላል። ፊልሙን ሃያ ጊዜ ያየ ሰው ሃያ አንደኛውን ጊዜ ሲያይ «ምናልባት ዛሬ ይተርፍ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል። ሕንዶች ይህን ፊልም የሠሩት የአሜሪካንና የጣሊያንን ካውቦይ፣ የጃፓንንም የሳሙራይ ፊልም ተመልክተው ነው፤ ከዚያ ለምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። የተራ ፊልም መንገድ እንዲህ ነው፤ ቪዛ አይጠይቅም።

ቋንቋው የማይገባ ፊልም ደግሞ ተራኪ ይፈልጋል። በኬንያ ይህን ሥራ እንደ ዲጄ አፍሮ ስሙን የተከለ የለም። የቻይናን የካራቴ ፊልም ወይም የሕንድን የሽፍታ ታሪክ ይወስድና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በራሱ ስዋሂሊና በናይሮቢ የወጣቶች አነጋገር ይተርከዋል፤ ለገጸ ባሕርያቱ አዲስ ስም ያወጣል፣ ሲሳሳቱ ይሳደባል፣ ሲያሸንፉ ያሞግሳል። በዩጋንዳ እንደዚህ ያለው ሰው «ቪጄ» ይባላል። ትርጉም ብለው የሚጠሩት ቢኖሩም ትርጉም ከቃል ጋር የታሰረ ነው፤ ይህ ግን ከምስሉ ተነሥቶ ሌላ ታሪክ መፍጠር ነው። ለጎልቦ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይችልም። በቦረና ዘንድ የትውልድን ታሪክ በቃል የሚያስተላልፈው ባህል አርጋ-ዳጌቲ ይባላል፤ «የታየና የተሰማ» እንደማለት ነው። ታሪክ አዋቂው ተናጋሪ ብቻ አይደለም፤ ያመዛዝናል፣ ያሞግሳል፣ ይገሥጻል። የአማራው ፉከራና ቀረርቶም ቢሆን ጀግናው በሌለበት ጀግናውን የሚያቆም ጥበብ ነው። ዲጄ አፍሮ በዚህ ዐይን ሲታይ ከቴሌቪዥን አስተርጓሚ ይልቅ ለአዝማሪ ይቀርባል።

ከነዚህ ፊልሞች መካከል ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከት አንድ አለ፤ «ሻፍት በአፍሪካ»። ሻፍት የኒው ዮርክ ሐርለም የፈጠረው ጥቁር መርማሪ ነው። በጎርደን ፓርክስ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1971 ሲወጣ ጥቁሩ ሰው ተላላኪና አሽከር በነበረበት የሆሊውድ ዓለም ውስጥ ረጅም የቆዳ ካፖርት ለብሶ መንገዱን እንደ ርስቱ የሚረግጥ አክተር አመጣ። የአይዛክ ሄይዝ ዜማም ኦስካር አሸነፈ። ሪቻርድ ራውንድትሪ ሻፍትን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች ተጫውቶታል፤ ሦስተኛው በእንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1973 ለዕይታ የበቃው ነው። በከፊል የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። በቲያትር መድረክ ላይ ስሙ የታወቀው ደበበ እሸቱም ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቶበታል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ አፍሪካዊ አሚር ሻፍትን በማስፈራራትም በገንዘብም አግባብቶ ያመጣዋል። ሥራው የዕለት ጉልበቱን ሊሸጥ የሚሰደድ ምስኪን መስሎ ከስደተኞች ጋር መጓዝ፣ አፍሪካውያን ወጣቶችን እያታለለ ወደ አውሮፓ የሚያስገባውንና እንደ ባሪያ የሚያሠራውን የነጋዴ መረብ መበጣጠስ ነው። የአሚሩ ልጅ አለሜ የአገሩን ወግና ቋንቋ ታስተምረዋለች። ካሜራ የተደበቀበት ዱላ ይሰጠዋል። ከዚያ መንገዱ ይጀመራል፤ መጨረሻው ፓሪስ ነው።

ፊልሙ እንከን የለሽ አይደለም፤ እንዲያውም እንከኑ ይበዛል። በኢትዮጵያ ምድር አሚር ይባል የነበረው የሐረሩ ገዢ ሥልጣኑ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ የፊልሙ ጸሐፊ ስተርሊንግ ሲሊፋንት ግን ለአፍሪካ ሁሉ የሚበቃ አንድ አሚር ከሐሳቡ ፈጥሯል። ልማዱ፣ አለባበሱ፣ ቋንቋው ተደበላልቋል። ሴቶቹ በአብዛኛው ለጀግናው መዝናኛ የቀረቡ ናቸው። በገቢም ቢሆን እንደ ቀዳሚዎቹ አልተሳካለትም፤ ሻፍት ወደ ቴሌቪዥን ወርዶ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ከፊልሙ ይልቅ የጆኒ ፔት ሙዚቃ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ራፐሩ ጄይ-ዚ ከዚያ ቆርሶ ለራሱ ዘፈን ተጠቅሞበታል።

ነገር ግን የተከበሩት ፊልሞች ዐይናቸውን ወደ ሌላ ባዞሩበት ጊዜ ይህ የድብድብ ፊልም አንድ እውነት አየ። የነጻነት በዓል ገና ባልደበዘዘበት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም አሥረኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ላይ ባከበረበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1973፣ አፍሪካዊው ወጣት በገዛ ፈቃዱ የሚሳፈርበት አዲስ የባርነት መርከብ እንዳለ ተናገረ። ፖለቲከኛም ሆነ ምሁር ይህን በሰፊው የተናገረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ርካሽ ፊልም ክብሩን የሚጠብቅለት ስለሌለ አንዳንድ ጊዜ ጨዋው የሚያፍርበትን ይናገራል።

በዚያው ወቅት ካሜራ የተሸሸገ ሌላ ነገርም በኢትዮጵያ ነበር። ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 «ያልታወቀው ረሃብ» ያለውን ዘገባ ለዓለም አሳየ፤ ደርግ ደግሞ ይህንኑ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ቀላቅሎ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን አስተላለፈ። በአንድ ዓመት የኢትዮጵያ መልክ ሁለት ጊዜ በዓለም መጋረጃ ላይ ወጣ፤ አንዱ ፈጠራ፣ ሌላው እውነት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ የታሪክ ሰው እስካሁን ብዙም አልታየም።

«ሻፍት በአፍሪካ»ን ዛሬ ሞያሌ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው በሐርለም ወይም በፓሪስ ካለው ተመልካች የተለየ ነገር ያያል። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ይህች ከተማ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያመራው የስደት መንገድ በር ናት። ከሀዲያና ከከምባታ የሚነሡ ብዙ ወጣቶች በዚህ አልፈው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ በኩል ይጓዛሉ። በፊልሙ አማፊ የተባለውና ፍራንክ ፊንሌይ የተጫወተው ሰው በዚህ አገር ስም አለው፤ ደላላ ነው። ልዩነቱ የፊልሙ ደላላ አንድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህም አክተሩ አንዱን ሲመታ ታሪኩ ያልቃል። በመንገዱ ላይ ያለው ደላላ ግን ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ለሌላው ያስረክባል፣ ብዙውን ጊዜ ተጓዡም የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቀለበት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ተይዞ ሲፈተሽ በላዩ ባለው ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ 14ቱ በሕይወት ተረፉ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ መኪና ውስጥ ካሜራ የተደበቀበት ዱላ የያዘ ሰው አልነበረም። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት ሰውን በመነገድና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር በማሻገር ወንጀል ላይ አዋጅ ቁጥር 1178ን አወጣች፤ በዚያው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወርም የሞያሌ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመረቀ። ሕጋዊው መንገደኛ ቀለለው፤ ሌላው ግን ቀድሞም በበሩ አያልፍም ነበር።

የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ከአሮጌው ተራ ፊልም የወረሱት ነገር በምሬት ብቻ የሚታይ አይደለም። በካምፓላ ዋካሊጋ በተባለው የድሆች መንደር አይዛክ ናብዋና የተባለ ሰው በልጅነቱ የሰማውን የድብድብ ፊልም ወግ ይዞ፣ ከየቦታው በተለቃቀሙ ክፍሎች በገጣጠመው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚለውን ፊልም ሠራ። ጠመንጃው ከብረት ቁርጥራጭ፣ ሔሊኮፕተሩ ከኮምፒዩተር ነው። በፊልሙ ውስጥ ራሱ ቪጄ አለ፤ ከተመልካቹ ቀድሞ ይስቃል። ርዕሱ የጠየቀውን ፊልሙ አይመልስም፤ ይህንንም የፊልሙ ወዳጆች እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጸጋ ይቆጥሩታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክረምብስ» (እ.ኤ.አ. 2015) የተባለውን ፊልም አዘጋጀ። ታሪኩ ዓለም ከጠፋች በኋላ ነው። በሰማይ ላይ ዝገት የበላው መንኮራኩር ተንሳፍፏል፤ በምድር የቀሩት ጥቂት ሰዎች የማይክል ጃክሰንን ሸክላና የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይገበያያሉ። የዳሎል በረሃ ያለ ምንም ማስመሰያ ሌላ ፕላኔት ሆኗል። ይህን ዓለም የሚያቋርጠው አክተር ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠው ዳንኤል ታደሰ ነው፤ ፍቅረኛውን የተጫወተችው ሰላም ተስፋዬ ናት። ፊልሙ በውጭ ፌስቲቫሎች «የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም» ተብሎ ተወራለት። በእርግጥ የአዘጋጁ ዜግነት ይህን ስም ያከራክር ይሆናል፤ የዳንኤልን ፊት ያየ ግን ፊልሙ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አይቸኩልም።

ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ፊልም ይዘው ተመለሱ። በ1970ዎቹ የካራቴና የሰላይ ፊልሞች ወግ የተሠራ፣ ድምፁ ሆን ተብሎ ከከንፈር ጋር እንዳይገጥም የተደረገ፣ በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ወዲያው የሚያውቀው ዓይነት ነው። ዳንኤል በዚህኛው የሲአይኤ ሰላይ ነው። ሥራውን ለቆ ፒዛ ቤት መክፈት ይመኛል፤ ይሁንና በኮምፒዩተር በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ገብቶ መውጫው ይጠፋበታል፤ አካሉም አልጋ ላይ እንደተኛ ይቀራል። ሚስቱ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።