ሃከሩ የሚሄድበትን መንገድ ማሽን ቀድሞ ሲያገኘው፦ ፎርማል ቬሪፊኬሽን ምንድን ነው?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ የጀመረውን ሌሊት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አካውንታቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ሲስተሙ ላይ በተሠራ ማሻሻያ የመጣ ችግር ነው አለ። ፕሬዝዳንቱ አቤ ሳኖ በኋላ ላይ ያለአግባብ ተወሰደ ያሉት ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር አካባቢ ነበር።

ልብ በሉ፣ በር የሰበረ ሰው የለም። ሲስተሙ ውስጥ ማንም ያላሰበው መንገድ ክፍት ነበር፣ ሰው አገኘው፣ በቴሌግራም ተባለ፣ አለቀ። እንዲህ ያለውን መንገድ ተማሪውም ሃከሩም ሳያገኘው ማሽን ቀድሞ ሊፈልገው ይችላል ወይ? ይችላል። ዘዴው ፎርማል ቬሪፊኬሽን ይባላል፣ በሒሳብ ማረጋገጥ ማለት ነው። በባንክ ሶፍትዌርም በኮምፒውተር ኔትወርክም ላይ ይሠራል። እኛ ዛሬ ኔትወርኩን እናያለን።

በምሳሌ እንሂድ። ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው መንገድ ላይ አንድ ሆቴል አለ እንበል (የፈጠርነው ነው፣ ስም አትፈልጉለት)። የእንግዳ ዋይፋይ አለው፣ ኢንተርኔት ሲኖር ማለታችን ነው። የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳ ዲቪአር፣ የሪሴፕሽን ኮምፒውተር፣ የእንግዶች ፓስፖርት ኮፒ የተቀመጠበት ሰርቨርም አለ።

ባለቤቱ ካሜራውን በስልኩ ማየት ስለሚፈልግ ዲቪአሩ ከእንግዳው ዋይፋይ ይደረስበታል። የዲቪአሩ ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ዲቪአሩ ደግሞ በኬብል ከቢሮ ኮምፒውተሮች ጋር አንድ ስዊች ላይ ተሰክቷል። የሪሴፕሽኑ ዊንዶውስ አፕዴት ሳይደረግ ከርሞ የታወቀ ቀዳዳ አለበት። የሰርቨሩ ፓስወርድም እዚያው ኮምፒውተር ላይ «ሴቭ» ተደርጓል። እነዚህን አንድ በአንድ ብታዩዋቸው ባለሙያ እንኳን «ይሄ በኋላ ይስተካከላል» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ሲቀጣጠሉ ግን ግቢው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ዋይፋይ የተጠቀመ ሰው ፓስፖርቶቹ ጋር ይደርሳል። ችግሩ ያለው ሰንሰለቱ ላይ ነው።

ላሊበላን የሄደበት ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ወገን ተመድበው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው፣ ብዙዎቹ በዓለት ውስጥ በተፈለፈሉ ቦዮችና ዋሻዎች ይገናኛሉ። ከቤተ ገብርኤል ሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በጨለማ ዋሻ መሻገር እንደሚቻል የበሮቹን ዝርዝር በማየት ብቻ አታውቁም። የመተላለፊያዎቹን ካርታ ማየት አለባችሁ።

ማሽኑ የሚሠራውም ካርታ ነው። መጀመሪያ ኔትወርኩ በሕግ መልክ ይጻፋል፦ «ዲቪአሩ ጋር የደረሰና ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ዲቪአሩን ይቆጣጠራል» የሚል ዓይነት። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «ከእንግዳ ዋይፋይ የተነሳ ሰው ሰርቨሩ ጋር በፍጹም አይደርስም፤ እውነት ነው?» ሞዴል ቼከር የሚባለው ፕሮግራም ሊኖሩ የሚችሉ ሁኔታዎችን አንድም ሳያስቀር ይፈትሻል። እውነት ከሆነ አረጋገጥኩ ይላል። ውሸት ከሆነ ዝም ብሎ «ውሸት» አይልም፣ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ማስረጃውን ያወጣል። ያ ማስረጃ ራሱ የጥቃቱ መንገድ ነው። የዚህ ዘዴ ውበቱ እዚህ ላይ ይመስለናል፤ የሒሳብ ሰዎች ለስህተት ማሳያ የሠሩት ነገር ለጥበቃ ሰዎች ዝግጁ ካርታ ሆነ።

ሐሳቡን ለኔትወርክ ያዋሉት ሮናልድ ሪቺ እና ፖል አማን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2000። በ2002 ደግሞ ኦሌግ ሼይነር፣ ጃኔት ዊንግ እና ባልደረቦቻቸው ማሽኑ አንድ መንገድ አግኝቶ እንዳይቆም፣ መንገዶቹን ሁሉ እንዲያወጣ አደረጉት። ይህ አታክ ግራፍ ይባላል። የሞዴል ቼኪንግ መሥራቾቹ ክላርክ፣ ኤመርሰን እና ሲፋኪስ የ2007ን የቱሪንግ ሽልማት ወስደዋል።

ሰው አይቶ ያልፈዋል ወይ ለምትሉ፦ ኒድሃም እና ሽሮደር በ1978 ያወጡት የመለያ ፕሮቶኮል ላይ ጋቪን ሎው ቀዳዳ ያሳየው በ1995 ነው። 17 ዓመት! በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጥቃቱን ኤፍዲአር የተባለ ፕሮግራም ራሱ ፈልጎ እንደሚያገኘው አሳየ።

ዋናው ጣጣ ብዛቱ ነው። «አዎ ወይም አይ» የሚባሉ 20 ነገሮች ካሉ የሁኔታዎቹ ብዛት 1,048,576 ይሆናል። 40 ሲሆኑ ከአንድ ትሪሊዮን ያልፋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት አመጡ፦ አጥቂ አንዴ የያዘውን አይለቅም ብሎ መነሳት። ያኔ እያንዳንዱን ሁኔታ መቁጠር ቀርቶ «ይህን ለማግኘት ያ ያስፈልጋል» የሚል ግንኙነት ብቻ ይያዛል፣ ሥራውም በጣም ይቀላል። በ2005 ከፕሪንስተን የወጣው መልቫል የተባለው መሣሪያ በዚህ መንገድ የሄደ ነው። አማዞን ደግሞ ዜልኮቫ በተባለ መሣሪያ ደንበኞቹ ክላውድ ላይ ያስቀመጡት ፋይል ለሕዝብ ክፍት መሆን አለመሆኑን በሒሳብ ይፈትሻል።

ወደ ሆቴላችን እንመለስ። ባለቤቱ ደንግጦ የዲቪአሩን ፓስወርድ ቀየረ። ማሽኑን ድጋሚ ሲጠይቁት ሌላ መንገድ አወጣ፦ ኬብል ሲበላሽ እንዲያገለግል ተብሎ የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ራሱ ከእንግዳው ዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል። ሁለቱም መንገድ ግን በዚያው ኮምፒውተር ቀዳዳ ያልፋል። እሱ አፕዴት ቢደረግ ሁለቱም ይዘጋሉ። አሸተን የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከታች በእግር ብትነሱም በበቅሎ ብትነሱም ላይ ስትደርሱ ጠባቡን የዓለት መተላለፊያ ማለፍ አለባችሁ። ጥበቃ የሚቆመው እዚያ ነው። ብር ለሌለው ተቋም ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መቶ ቀዳዳ ከመድፈን የትኞቹ ሁለት እንደሚበቁ ማወቅ።

ማሽኑ የሚያረጋግጠው ግን የተነገረውን ብቻ ነው። ሠራተኛው ከቤቱ አምጥቶ የሰካውን ራውተር ካልነገሩት አያውቀውም። ገና ያልታወቀ ቀዳዳም ሕግ ውስጥ አይገባም፣ ምናልባት «ይሄ ኮምፒውተር ቢያዝስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» የሚለውን ሰውዬ ደግሞ ማንም ሞዴል ቼከር አያቆመውም።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ኑኤስኤምቪ የተባለው ሞዴል ቼከር በነጻ ይገኛል፣ ከላይ ያለው ሆቴል በጥቂት መስመር ይጻፋል። ላፕቶፕ ያስፈልጋችኋል፣ ስልክ አይበቃም። በወረቀት ላይ ባለ ሞዴል ተጫወቱ እንጂ የሰው ኔትወርክ ላይ አትሞክሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ብቻውን ወንጀል ያደርገዋል፣ ምንም ባትወስዱም።