የቁጠባና ብድር ማኅበራት ሕግ፦ ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ እስከ አዲስ አበባ

የማሃኔ ይሁዳ ሰፈር ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ፣ ከያፎ መንገድ በስተሰሜን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 በሦስት ሸሪኮች ተቆረቆረ። ከሦስቱ አንዱ ዮሐንስ ፍሩቲገር በከተማዋ ስሙ የታወቀ ባለባንክ ነበር። ሁለተኛው ዮሴፍ ናቮን ከያፋ እስከ ኢየሩሳሌም ለሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ከኦቶማን መንግሥት ፈቃድ ያገኘ ነጋዴ ነው፤ ሦስተኛው ሻሎም ኮንሽትሩም ይባላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ገበያ ደግሞ በቫሌሮ ቤተሰብ ባዶ መሬት ላይ በራሱ ጊዜ የተሰበሰበ ነው። ቫሌሮዎችም ከ1848 ጀምሮ ባንክ ነበራቸው። ገበያው በባለባንክ መሬት ላይ ቢቆምም፣ ቲማቲምና ሽንኩርት መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጠው ሰው ግን ለባንክ የሚያሲዘው ንብረት ስላልነበረው ብድር አያገኝም ነበር። የፍሩቲገር ባንክ በ1896 ከሰረ፤ የቫሌሮም በ1915 ተዘጋ።

በእግር ብዙ በማይርቀው በኢትዮጵያ ጎዳና የሀብት አያያዙ ሌላ ነበር። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሥራ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በ1882 ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ። እቴጌ ጣይቱን ጨምሮ ነገሥታቱና መኳንንቱ በአካባቢው ቤት አሠሩ፤ ኪራዩም ለገዳማቱ መተዳደሪያ ሆነ። ድንጋይ ቤት የማሠራት አቅም ላለው ሰው ይህ አስተማማኝ ጥሪት ነው። ለጉሊት ነጋዴ ግን አይደረስበትም።

ለእንዲህ ያለው ሰው መላ የተገኘው በጀርመን አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሄርማን ሹልትሰ ዴሊች ለከተማ የእጅ ባለሙያዎች፣ ፍሪድሪክ ራይፋይዘን ደግሞ ለገበሬዎች፣ አባላት ጥቂት ጥቂት የሚያስቀምጡበትና ከዚያው የሚበደሩበት ማኅበር አቋቋሙ። የፕሩሺያ መንግሥት በ1867 ሕግ አወጣላቸው። በካናዳዋ ኬቤክ አልፎንስ ዴዣርደን የመጀመሪያውን የሕዝብ የቁጠባ ማኅበር በ1900 ሲመሠርት፣ ሕጉ የወጣለት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካም የመጀመሪያው ማኅበር በ1908 ተቋቁሞ የፌዴራሉ ሕግ የታወጀው በ1934 ነው። ሕዝቡ አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ እንደራሴዎቹ ተከትለው ያውጃሉ።

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ግን አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነበር። የ1904ቱ የሕንድ የብድር ማኅበራት ሕግ «መዝጋቢ» የተባለ የመንግሥት ሹም ሠየመ። ይህ ሹም ማኅበሩን ይመዘግባል፣ መዝገቡን ይመረምራል፣ ከከፋም ያፈርሰዋል። እንግሊዞች ፍልስጤምን ሲይዙ ይኸው ሥርዓት አብሯቸው መጣ። የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድንጋጌ በ1920 ወጣ። በ1930 ከሕንድ የመጣው ሲ. ኤፍ. ስትሪክላንድ በአራጣ ዕዳ የተያዙ የዐረብ ገበሬዎች እንዴት በማኅበር ሊደራጁ እንደሚችሉ አጥንቶ ለመንግሥት አቀረበ። በ1933 የወጣው ሁለተኛው ድንጋጌ ቀዳሚውን ተካ፤ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ዛሬም በእስራኤል ይሠራበታል።

የገበያው ዋና ታሪክ የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች መካከል ነው። በ1920ዎቹ ማብቂያ የእንግሊዝ አስተዳደር የተዘበራረቁትን ዳሶች አንሥቶ ቋሚ መደብሮች አሠራ። ማዘጋጃ ቤቱ ተጨማሪ ይሠራልናል ብለው የጠበቁ ሃያ ነጋዴዎች መጠበቁ ቢሰለቻቸው በ1931 በምዕራብ በኩል በራሳቸው አዲስ ገበያ አቆሙ፤ ቆይቶ የኢራቅ ገበያ ተባለ። ሌሎቹ ደግሞ «ሃልቫአ ቬሂሳኾን» ከተባለው የኅብረት ሥራ ባንክ ተበድረው የራሳቸውን ሱቆች ሠሩ፤ ያም ክፍል በባንኩ ስም ይጠራ ጀመር። ስሙ «ብድርና ቁጠባ» ማለት ነው። ዛሬ በየቅርንጫፍ መንገዱ ኮክ፣ ፖም፣ ለውዝ የሚል ስም በተለጠፈበት በዚህ ገበያ፣ ሱቅ በአበዳሪው ማኅበር ስም መጠራቱ ለነጋዴዎቹ ውለታው ምን ያህል እንደነበር ይነግራል።

የእንዲህ ያሉ ማኅበራት አሠራር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። አባሉ ዕጣ ይገዛል፣ ያስቀምጣል፣ ሲበደር ዋስ ይጠራል። ዋሱ ራሱ አባል ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜም የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ስለሆነ፣ ተበዳሪው ሸቀጡን በምን ዋጋ እንደሚያመጣና ሰንበት ሲቃረብ ስንት ሣጥን ሳይሸጥ እንደሚተርፈው ያውቃል። የትኛውም ባንክ በወረቀት ሊያገኘው የማይችለው እውቀት ይህ ነው፤ የማኅበሩ ብርታትም ከዚህ ይመነጫል። ድካሙም ከዚሁ ነው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ አስቀማጩም ተበዳሪውም ዋሱም በአንድ ቀን ይቸገራሉ።

ይህ ስጋት በ1935 እውን ሆነ፤ መነሻውም ኢትዮጵያ ነበረች። የኢጣሊያ ወረራ መቃረቡ ሲሰማ፣ ጦርነቱ ሜዲትራንያንን ያዳርሳል ብሎ የፈራው የፍልስጤም ሕዝብ ገንዘቡን ለማውጣት ወደ ባንኮች ጎረፈ። መንግሥት በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የባንክ ሕጉን አጥብቆ ፈቃድና ዝቅተኛ ካፒታል ጠየቀ፤ አቅም ያነሳቸው ትንንሽ ባንኮች ተመናመኑ። የብድር ማኅበራቱ ግን በመዝጋቢው ሥር ቀሩ። በግንቦት 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሐይፋ በኩል ኢየሩሳሌም ሲገቡ፣ ከተማዋ የእርሳቸው አገር ጦርነት ያስከተለውን የገንዘብ ድንጋጤ ገና አልረሳችም ነበር።

የእስራኤል መንግሥት ከቆመ በኋላ ማኅበራቱ አንድ በአንድ በትልልቅ ባንኮች ተዋጡ። የባንክ ሥራ በጥቂቶች እጅ ገባ። በ2011 ክረምት የኑሮ ውድነት ያስቆጣው ሕዝብ አደባባይ ከወጣ በኋላ ኦፌክ የተባለ ማኅበር የኅብረት ሥራ ባንክ ሐሳብን መልሶ አነሣ። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2016 ባወጣው የፋይናንስ አገልግሎቶች ቁጥጥር ሕግ ከአባላት ተቀማጭ ተቀብለው ለአባላት የሚያበድሩ ማኅበራት በፈቃድ እንዲሠሩ በር ከፈተ፤ ተቆጣጣሪያቸውም የካፒታል ገበያ፣ የመድንና የቁጠባ ባለሥልጣን ሆነ። በጥር 2017 ደግሞ የባንክ ሥራ በጥቂቶች እጅ መከማቸቱን ለመቀነስ የታሰበው ሕግ ጸደቀ።

በኢትዮጵያም መንገዱ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. የ1960ው ድንጋጌ ቁጥር 44 የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበራት ይመለከት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እየቆረጡ የመጀመሪያውን የቁጠባና ብድር ማኅበር በ1964 ሲያቋቁሙ፣ ሰፊው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 ገና አልወጣም ነበር፤ የታወጀው በ1966 ነው። ደርግ በ1978 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 138 ማኅበራትን የሶሻሊዝም መሣሪያ አደረጋቸው። ገበሬው በግዴታ የገባባቸው የአምራቾች ማኅበራት በ1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ፈረሱ፤ የኅብረት ሥራ ስምም አብሮ ጎደፈ። በየመሥሪያ ቤቱ በሠራተኛው ፈቃድ የቆሙት የቁጠባ ማኅበራት ግን ያን ዘመን ተሻገሩ። አዋጅ ቁጥር 147/1991 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በፈቃደኝነት መደራጀትን መለሰ። በእርሱ ቦታ የተተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 (ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ በአጋጣሚ የእስራኤሉ ሕግ በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ማብቂያ ታወጀ።

በሁለቱም አገር ሕግ አውጪው ፊት ተደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ የአባላትን ገንዘብ ማን ይጠብቅ የሚለው ነው። የእስራኤሉ ሕግ ለፋይናንስ ተቆጣጣሪ ሰጠ። በኢትዮጵያ ማይክሮፋይናንስ ተቋማት ከ1996 ጀምሮ በብሔራዊ ባንክ ሥር ናቸው፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ያደገው በዚሁ ቁጥጥር ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ግን ከእርሻና ከሸማቾች ማኅበራት ጋር በአንድ አዋጅ ይተዳደራሉ። በ2021 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የባንክና የማይክሮፋይናንስ አስቀማጮችን ሲሸፍን፣ የማኅበራቱን አባላት አላካተተም። ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም፤ ወርሃዊ መዋጮዋን ለማኅበሯ የምትሰጥ መምህርት ባንክ ካስቀመጠ ባልደረባዋ ያነሰ ዋስትና ሊኖራት አይገባም። ወደፊት የሚረቀቅ አዋጅ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው።

ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ ውጭ የቆየው እቁብ ነው። በ1984 እና በ1991 ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን በአዲሱ አገራቸውም እቁብ ይጥላሉ፤ በተለይ ሴቶቹ። የኢየሩሳሌም ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ መዝግበዋል። ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሳት ዋስ ትጠራለች፣ ገንዘቡም ለድግስ፣ ለቤት ዕቃ ወይም ለዕዳ ይውላል።