የግድግዳው ክፍተትና የኤሌክትሪኩ መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1954 ዋልተን ሊላሃይ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ቬንትሪክሎች (በታችኞቹ የልብ ክፍሎች) መካከል ያለን ቀዳዳ ልብን ከፍተው መስፋት ጀመሩ። ቀዳዳው ተደፍኖ ሳለ የአንዳንዶቹ ሕፃናት ልብ ምት እጅግ ዘገየ፤ ከላይኛው ክፍል የተነሣው የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ታች አልደርስ አለ። መርፌው የማይታይ መስመር ነክቶ ነበር። ኧርል ባከን በ1957 በሊላሃይ ጥያቄ የሠሩት ባትሪ ያለው ፔስሜከር ሕፃናቱን ለመታደግ ረዳ፤ ጉዳቱን አስቀድሞ ለማስቀረት ግን መስመሩ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

በጤናማ ልብ ውስጥ ይህን መስመር ከኤቪ ኖድ (ምልክቱን ከላይኞቹ ክፍሎች ወደ ታችኞቹ ከሚያስተላልፈው ቋጠሮ) ጀምረው ሱናኦ ታዋራ በ1906 አሳይተዋል። ሞሪስ ሌቭን የመሳሰሉ ፓቶሎጂስቶች ደግሞ እክል ይዘው በተፈጠሩ ልቦች ውስጥ ተከታተሉት። የደረሱበት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ መስመሩ በልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ ተከትሎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ከቦታው ሲዛወር እሱም ይዛወራል። ስለዚህ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) የምት መዝገብ ብቻ አይደለም፤ በእኔ እምነት የአናቶሚ ሰነድም ነው።

ዳውን ሲንድሮም ባላቸው ሕፃናት የሚዘወተረውን የኤቪ ግድግዳ ጉድለት (የላይኞቹና የታችኞቹ ክፍሎች ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ያለ ክፍተት) እንውሰድ። ኖዱ ወደ ኋላና ወደ ታች ስለተገፋ፣ የቬንትሪክሎቹ የኤሌክትሪክ አቅጣጫ ወደ ላይና ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በኢሲጂው ላይ ልብን ከየአቅጣጫው ከሚመዘግቡት ሊዶች መካከል ሊድ አንድ ወደ ላይ፣ ኤቪኤፍ ወደ ታች ይላሉ። የአራስ ልጅ አቅጣጫ በተፈጥሮው ወደ ቀኝ ስለሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ምልክቱ ብቻውን ምርመራውን አይቋጭም፤ የትራይከስፒድ ቫልቭ ሳይፈጠር በቀረበት ልብም ይገኛል።

ቬንትሪክሎቹ ቦታ በተለዋወጡበት፣ ደም ግን በትክክል በሚዘዋወርበት ልብ ነገሩ ይብሳል። የሚሠራው ኖድ ከፊት ነው፤ ከእሱ የሚነሣው መስመር ረጅምና ስስ በመሆኑ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሕሙማን ያለ ማንም ንክኪ ሙሉ የልብ ብሎክ (ምልክቱ ወደ ታች ፈጽሞ የማይደርስበት ሁኔታ) ይይዛቸዋል። ግድግዳው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነቃ የኪው ሞገድ (በቬንትሪክሎቹ ምልክት መጀመሪያ ላይ ወደ ታች የሚወርደው) ከግራ ደረት ሊዶች ጠፍቶ በቀኝ ይታያል፤ ይህን ያላስተዋለ ሐኪም የቆየ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ምልክት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ቴትራሎጂ ኦቭ ፋሎት (አራት የልብ እክሎች በአንድነት የሚታዩበት ሕመም) ከሌሎቹ ይለያል። መስመሩን የሚያውከው እክሉን ለማስተካከል ከተደረገው ቀዶ ጥገና በኋላ የቀረው ጠባሳና ቀስ በቀስ የሚለጠጠው ቀኝ ቬንትሪክል ነው። የኪውአርኤስ (በኢሲጂው ላይ የቬንትሪክሎቹ መነቃቃት ምልክት) ስፋት 180 ሚሊሰከንድ ሲደርስ ለአደገኛ የምት መዛባት የመጋለጥ ዕድል ይጨምራል፤ ስለዚህ የዛሬው ኢሲጂ ከቀደሙት ጋር ጎን ለጎን ይነበባል።